ጣትን ማንቃትና ማደራጀት

[ጂንካ፤ በአብዮቱ ዘመን፣ ሬዲዮ ያለው ሰው ሁሉ እንደ ሊቅ በሚቆጠርበት ጊዜ። ቅዳሜ ጠዋት፣ የዶላሞ ቤት። ዶላሞ የአይሮፕላን ሜዳው ዘበኛ ነው፤ ሥራው አይሮፕላን ሲመጣ ከሜዳው ላይ ከብት ማባረር ነው። ሀብተ ማርያም ጎረቤቱ ነው፤ ፀጉር አስተካካይ። ሚስትም ልጅም የለውም፤ ስለ ልጅ አስተዳደግ ግን የማያውቀው ነገር የለም፣ እሱን ከጠየቃችሁት። ሳትጠይቁትም ይነግራችኋል። ወለሉ ላይ የዶላሞ ልጅ ከበቡሽ ቁጭ ብላለች። ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። የአባቷን ኮንጎ ጫማ በሁለት እጇ ይዛ ታኝካለች። ሁለቱ ሰዎች ክርክር ከጀመሩ ቆይተዋል።]

ሀብተ ማርያም፦ ርቧት አይደለም እልሃለሁ!

ዶላሞ፦ ጫማ እየበላች ነው እኮ ጋሼ።

ሀብተ ማርያም፦ ጫማ የበላ ሁሉ ርቦታል ማለት ነው?

ዶላሞ፦ እኔ ጠግቤ ጫማ በልቼ አላውቅም።

ሀብተ ማርያም፦ ተርበህስ በልተህ ታውቃለህ?

ዶላሞ፦ ኧረ አላውቅም።

ሀብተ ማርያም፦ አየህ! ስለዚህ ጫማና ረሃብ ምንም ግንኙነት የላቸውም።

ዶላሞ፦ [አሰበ] ልክ ነህ መሰለኝ። ታዲያ ለምን ትበላዋለች?

ሀብተ ማርያም፦ ሥራ ፈታ ነዋ!

ዶላሞ፦ በዚህ ዕድሜዋ ማን ይቀጥራታል?

ሀብተ ማርያም፦ የጣት ሥራ ነው የምልህ! ትናንት በሬዲዮ ሲናገሩ አልሰማህም?

ዶላሞ፦ ሬዲዮ የለኝም።

ሀብተ ማርያም፦ ለዚህ እኮ ነው ልጅህ ጫማ የምትበላው። ለመሆኑ የሰው አንጎል የት ነው ያለው?

ዶላሞ፦ [ጭንቅላቱን ነካ] እዚህ።

ሀብተ ማርያም፦ ስህተት! ጣት ላይ ነው። ጣት ሲሠራ አንጎል ይሠራል፤ ጣት ሲተኛ አንጎል ይተኛል። ሕፃን ልጅ ትንንሽ ነገር ማንሳት፣ መክተት፣ መለየት፣ መፍታት አለበት። መጫወቻ አይገዛም፤ እቤት ካለው ዕቃ ይሠራል። ሬዲዮ ላይ ያሉት ሴትዮ ናቸው ያሉት፤ እኔ ደግሞ ከሳቸው በፊት አውቀው ነበር።

ዶላሞ፦ ያንተ ጣት ሠልጥኗል ማለት ነው?

ሀብተ ማርያም፦ የፀጉር አስተካካይን ጣት ነው የምትጠይቀኝ?

ዶላሞ፦ የተፈሪን ጆሮ ያደማው እሱ ጣት ነው?

ሀብተ ማርያም፦ ጆሮውን ያንቀሳቀሰው ተፈሪ ነው! እኔ መቀሴን ቀጥ አድርጌ ነበር የያዝኩት። ይልቅ ስማ፤ አውራ ጣት ብቻውን የትም አይደርስም። መጀመሪያ ይነቃል፣ ከዚያ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ይደራጃል።

ዶላሞ፦ ከዚያስ ይታጠቃል?

ሀብተ ማርያም፦ [ወደ በሩ አየት አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አደረገ] ቀስ በል እንጂ ሰውዬ! ጎረቤታችን የቀበሌ ሰው ነው። አዎ፣ ይታጠቃል። ቆርኪ ነው የምናስታጥቃት።

[ከኪሱ እፍኝ ሙሉ የጠርሙስ ቆርኪ አወጣ።]

ዶላሞ፦ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው?

ሀብተ ማርያም፦ ከአሰገደች ቢራ ቤት ለቅሜ ነው። አንተ እንደምታስበው ጠጥቼ አይደለም።

ዶላሞ፦ እኔ ምንም አላሰብኩም።

ሀብተ ማርያም፦ አስበሃል። ፊትህ ላይ አይቼዋለሁ። በል ያቺን የዱቄት ወተት ጣሳ አምጣት። ክዳኗን በቢላ ትሰነጥቅና፣ ልጅቷ ቆርኪውን በስንጥቁ በኩል አንድ በአንድ ትከታለች። በቃ። ይሄው ነው ትምህርት ቤቱ።

[ዶላሞ ክዳኑን ሰንጥቆ ጣሳውን ከበቡሽ ፊት አስቀመጠላት። ከበቡሽ ጫማዋን ጣለች። ቆርኪ አነሳች፣ አገላበጠችው፣ ጣሳውን አየች፣ ሀብተ ማርያምን አየች። ከዚያ ቆርኪውን የሀብተ ማርያም ካልሲ ውስጥ ከተተችው።]

ዶላሞ፦ ከተተችው!

ሀብተ ማርያም፦ ቦታው ተሳሳተ እንጂ ጣቷ ልክ ነው። ሌላ ስጣት።

ዶላሞ፦ ይሄንንም ካልሲህ ውስጥ።

ሀብተ ማርያም፦ ዝም ብለህ ስጣት! ልጅ አይቆጡም።

ዶላሞ፦ ጋሼ፣ እሷ እየሠራች ሳለ የአማቴን ነገር እናንሳ?

ሀብተ ማርያም፦ ጀመርክ ደግሞ! ባለፈው ነግሬሃለሁ፤ አልችልም።

ዶላሞ፦ ከባድ ነገር እኮ ነው የመጣብኝ። አማቴ አንጁሎ የልጅ ልጃቸውን እስከ ዛሬ አላዩም። እኔ ዛሬ ነገ ስል ከበቡሽ እግር አወጣች። አሁን ተቆጥተው ጠርተውኛል። ሽማግሌዎች ፊት ቀርቤ ለምን እንደቆየሁ መናገር አለብኝ። የረባ ቃል ካልተናገርኩ ሚስቴ አበዛሽም ከበቡሽም እዚያው ይቀራሉ ብለዋል።

ሀብተ ማርያም፦ ታዲያ ተናገራ!

ዶላሞ፦ እኔ ቀኑን ሙሉ የማወራው ከላም ጋር ነው። አማቴን ሳይ ምላሴ ይታሰራል። አንተ ደግሞ ምላስህ... ማለቴ፣ አንተ አዋቂ ነህ። አብረኸኝ ሄደህ ብትናገርልኝ?

ሀብተ ማርያም፦ አማትህ አገር፣ ቀይ አፈር ድረስ? በጭነት መኪና? ወገቤስ?

ዶላሞ፦ ወገብህ ምን ሆነ?

ሀብተ ማርያም፦ ገና ምንም አልሆነም! ስሄድ ነው የሚሆነው።

[እውነቱን ለመናገር ሀብተ ማርያም ወገቡ ደህና ነው። ጂንካ ተወልዶ፣ ጂንካ አድጎ፣ ከአይሮፕላን ሜዳው ማዶ ተሻግሮ ግን አያውቅም። ዓለምን የሚያውቃት በሬዲዮ ነው፤ በሬዲዮ ደግሞ አቧራ የለም።]

ሀብተ ማርያም፦ ወደ ሥራችን እንመለስ። ቆርኪውን ጨርሳለች። አሁን መለየት ነው። ቦሎቄና በቆሎ ቀላቅለህ አምጣ።

ዶላሞ፦ ተቀላቅሎ ነው ያለው። አበዛሽ ለንፍሮ ቀላቅላው ነው ገበያ የወጣችው።

ሀብተ ማርያም፦ ግሩም! ልጅቷ ቦሎቄውን ወዲህ፣ በቆሎውን ወዲያ ትለየዋለች።

ዶላሞ፦ ከዚያ እኛ መልሰን እንቀላቅለዋለን?

ሀብተ ማርያም፦ ለምን እንቀላቅለዋለን?

ዶላሞ፦ እናቷ ትቆጣለቻ። ደግሞ አፍንጫዋ ውስጥ ብትከተውስ?

ሀብተ ማርያም፦ እኔ እያለሁ? እቅፌ ውስጥ አስቀምጣታለሁ። ዓይኔን ከእጇ ላይ አልነቅልም። አንተ ልጅ ወልደሃል፤ እኔ ግን ልጅ አውቃለሁ። ነይ ከቡዬ፣ ነይ ወደ ጋሼ። ያችውልህ! በሁለት ጣቷ ነው ያነሳችው፤ አየህ? በአውራ ጣትና በሌባ ጣት! ሬዲዮ ላይ ያሉት ሴትዮ ይሄን ነበር ያሉት። ይሄ ማለት...

ዶላሞ፦ ጋሼ።

ሀብተ ማርያም፦ አታቋርጠኝ። ይሄ ማለት ልጅቷ ነገ እርሳስ ትይዛለች ማለት ነው።

ዶላሞ፦ ጋሼ፣ ጆሮህ ውስጥ ቦሎቄ አለ።

ሀብተ ማርያም፦ ከነገ ወዲያ ደግሞ መርፌ... የማን ጆሮ?

ዶላሞ፦ ያንተ።

ሀብተ ማርያም፦ [ጆሮውን በጣቱ ጎረጎረ] ኡ! ገባ! ወደ ውስጥ ገባ እኮ!

ዶላሞ፦ በጣትህ ስለገፋኸው ነው። ዘንበል በል።

[ዶላሞ የሀብተ ማርያምን ጭንቅላት በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ቦሎቄው ወደቀ። ከበቡሽ አነሳችውና ወደ ሌላኛው ጆሮ ላከችው፤ ለጥቂት ሳተች።]

ዶላሞ፦ ሴትየዋ ስለ ጆሮ ምንም አላሉም?

ሀብተ ማርያም፦ [ጆሮውን እያሸ፣ በኩራት] ጆሮ ለብቻው ፕሮግራም ነው። ግን አየህ ስትከት? ቀዳዳውን አላጣችውም! በአንድ ጠዋት ነው እንዲህ ያሠለጠንኳት።

ዶላሞ፦ [በበሩ ወደ ውጭ አየ] ጋሼ፣ ላም ሜዳው ላይ ገብታብኛለች። ልመልስና ልምጣ። ልጅቷን ያዝልኝ።

ሀብተ ማርያም፦ ሂድ፣ ሂድ። በጥሩ እጅ ላይ ናት።

ዶላሞ፦ ያ ምሰሶው ላይ ያለውን ልጥ ብቻ እንዳትነኩት።

ሀብተ ማርያም፦ ለምን?

ዶላሞ፦ እንዲሁ።

ሀብተ ማርያም፦ እንዲሁ የሚባል ምክንያት የለም!

[ዶላሞ ግን ወጥቷል። ሀብተ ማርያም ምሰሶውን አየ። ከግንድ የተላጠ ረዘም ያለ ልጥ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ከላይ እስከ ታች ተቋጥሯል። ዓይኑን መለሰ። ግድግዳውን አየ። ጣሪያውን አየ። ተመልሶ ልጡን አየ።]

ሀብተ ማርያም፦ [ለከበቡሽ] አባትሽ ደግ ሰው ነው፤ ግን ከላም ጋር እየዋለ የልጅ ነገር አያውቅም። ተመልከቺ! ቋጠሮ፣ ቋጠሮ፣ ቋጠሮ። ይሄን የመሰለ መጫወቻ ምሰሶ ላይ ሰቅሎብሻል! [ልጡን አወረደው] መንካት አይደለም ይሄ፤ ማሠልጠን ነው። ያዢ። ፍቺ። አትብዪው! በጥፍርሽ ከፈት ታደርጊና... ጠበቅ አድርጎታል ሰውየው። ቆይ ላሳይሽ። [በጥርሱ ያዘው] እንጊህ ነው... እንጊህ... ተፈታ! አየሽ? ሁለተኛውን አንቺ ትፈቻለሽ። ተይው፣ ይሄ ይከብድሻል፤ እኔ ልፍታው። ይሄኛውንም። ይሄማ የማይሆን ነው የመሰለኝ... ተፈታ!

[ከበቡሽ ወደ ጫማዋ ከተመለሰች ቆይታለች። ሀብተ ማርያም አላያትም። ምላሱን በከንፈሩ ጥግ አውጥቶ፣ እያላበው፣ አንዱን ቋጠሮ ከሌላው እያስከተለ ፈታው። እንዲህ ደስ ካለው ብዙ ጊዜው ነው። የመጨረሻው ሲፈታ ብቻውን አጨበጨበ። ዶላሞ ያን ጊዜ ገባ። ልጡን አየና ራሱን ያዘ።]

ዶላሞ፦ ጋሼ! ማነው የፈታው?

ሀብተ ማርያም፦ ልጅህ! እሰይ በል እንጂ!

ዶላሞ፦ ከበቡሽ? ሁሉንም?

ሀብተ ማርያም፦ እኔ ብዙም አልረዳኋትም።

ዶላሞ፦ ጥርስህ ላይ ልጥ አለ።

ሀብተ ማርያም፦ [አፉን ዘጋ። ከዘጋ በኋላ መናገር እንዳለበት ትዝ አለው] ምን ችግር አለው? ልጥ ነው!

ዶላሞ፦ ልጥ አይደለም! የአማቴ ቀጠሮ ነው! እኛ ቤናዎች ቀጠሮ የምንልከው እንዲህ ነው። የሚጠራህ ሰው ቀኑን በልጥ ቋጥሮ ይልክልሃል። አንተ በየጠዋቱ አንድ ትፈታለህ። ቋጠሮው ሲያልቅ ቀኑ ደረሰ ማለት ነው።

ሀብተ ማርያም፦ ይሄንማ የማያውቅ የለም!

ዶላሞ፦ ታዲያ ለምን ፈታኸው?

ሀብተ ማርያም፦ ሌላ... ሌላ ዓይነት ልጥ መስሎኝ ነው። ምን አስጮኸህ? መልሰን እንቋጥረዋለን።

ዶላሞ፦ ስንት ነበር?

ሀብተ ማርያም፦ ትንሽ ነበር።

ዶላሞ፦ ትንሽ ስንት ነው?

ሀብተ ማርያም፦ እኔን ትጠይቀኛለህ? ቀጠሮው ያንተ አይደለም እንዴ!

ዶላሞ፦ እኔ ልጡን አያለሁ እንጂ በጭንቅላቴ አልይዝም። አንጎል ጣት ላይ ነው ብለህ የለ?

ሀብተ ማርያም፦ [ልጡን ቀምቶ መቋጠር ጀመረ] እኔ በእጄ አውቀዋለሁ። አንዱ እዚህ ነበር። እዚህ ደግሞ አንድ ክፉ ቋጠሮ። ከዚያ እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ...

ዶላሞ፦ ጋሼ፣ በዚህ አያያዝህ ቀኑ እስኪደርስ ከበቡሽ አግብታ ትወልዳለች።

ሀብተ ማርያም፦ እሺ ላሳጥረው። [ፈታ ፈታ አደረገ] አሁንስ?

ዶላሞ፦ አሁን ደግሞ ቀኑ ያለፈ ይመስላል።

ሀብተ ማርያም፦ ታዲያ ምን ይሻላል?

ዶላሞ፦ ምንም አይሻልም። ልጡ ካለቀ ቀኑ ዛሬ ነው።

ሀብተ ማርያም፦ ዛሬ አይደለም! እኔ ነኝ የጨረስኩት!

ዶላሞ፦ ቀኑ ቢያልፍብኝስ? ሳልሄድ ከቀረሁ ሚስቴም ልጄም ሄዱ ማለት ነው። ዛሬ እሄዳለሁ። ደግሞ ሕጉም አለ።

ሀብተ ማርያም፦ የምን ሕግ?

ዶላሞ፦ የመጨረሻዋን ቋጠሮ የፈታ ሰው ነው ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቦ የሚናገረው።

ሀብተ ማርያም፦ እንዲህ ያለ ሕግ...

ዶላሞ፦ አታውቀውም?

[በዚች አፍታ ሀብተ ማርያም ሁለት መንገድ ነበረው፤ አንደኛው አላውቅም ማለት ነው። ይህችን ቃል ከአፉ አውጥቷት አያውቅም።]

ሀብተ ማርያም፦ አውቃለሁ! ማን አያውቅም? የታወቀ ሕግ ነው! እኔ የምለው... የመጨረሻዋን የፈታችው ከበቡሽ ናት።

ዶላሞ፦ ጥሩ። እሷ ትናገራለቻ።

ሀብተ ማርያም፦ ትናገር! ከቡዬ፣ ስለ አባትሽ ሽማግሌ ፊት ምን ትያለሽ?

[ከበቡሽ ጫማውን ከአፏ አወጣች። «ባ» አለች። መልሳ ከተተችው።]

ዶላሞ፦ አማቴን አያሳምናቸውም።

ሀብተ ማርያም፦ እኔን ግን... አጠር ያለ ነው፣ ግልጽ ነው። ኧረ ተወኝ ዶላሞ! ወገቤን!

ዶላሞ፦ ጆንያ አነጥፍልሃለሁ። [ልጅቷን አየት አድርጎ] እኔ ብሄድ ዝም ነው የምለው ጋሼ። ዝም ካልኩ ብቻዬን ነው የምመለሰው። ቤቱ ባዶ ይሆናል።

[ሀብተ ማርያም መልስ ሊሰጥ አፉን ከፈተ። ከበቡሽ ግን ድክ ድክ እያለች መጥታ ጉልበቱን ይዛ ቆመች፤ በሁለት ጣቷ ቦሎቄ ይዛለች፤ ዓይኗ ጆሮው ላይ ነው። ሀብተ ማርያም ማታ ማታ ከሬዲዮው ጋር ብቻውን ነው የሚያመሸው። ጆሮው ውስጥ ቦሎቄ የሚከትለት ሰው ኖሮት አያውቅም። ጎንበስ አለላት።]

ሀብተ ማርያም፦ በቃ፣ ተነሳ! ኮቴን ላምጣ! አማትህ ሰው አላየም፤ እኔ ነኝ የማናግረው!

[ከውጭ የጭነት መኪና ጥሩንባ ተሰማ።]

ዶላሞ፦ መኪናው ሊሄድ ነው! ኮቱን ተወው፤ ና!

[ሮጡ። ሀብተ ማርያም ልጅቷን ታቅፎ፣ ካልሲው ውስጥ ያለው ቆርኪ እያቃጨለ፣ መኪናው ላይ በስንት መከራ ወጣ። ጆንያው ተነጥፎ ጠበቀው። አጠገቡ የዶላሞ ሚስት አበዛሽ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ አንድ ቅል ማር ታቅፋ ተቀምጣለች። መኪናው ተነሳ።]

ሀብተ ማርያም፦ አበዛሽ? ገበያ ወጥታለች አላልከኝም?

ዶላሞ፦ ወጥታ ነበር። ለአባቷ ማር ገዝታ መጣች።

ሀብተ ማርያም፦ ዛሬ እንደምንሄድ በምን አወቀች? ልጡን የፈታሁት አሁን ነው!

ዶላሞ፦ ቀጠሮው ድሮም ዛሬ ነው ጋሼ። የአማቴን የመጨረሻ ቋጠሮ ጠዋት ስነሳ እኔ ራሴ ፈታሁት።

ሀብተ ማርያም፦ እኔ በጥርሴ የፈታሁትስ?

ዶላሞ፦ እሱን እኔ ነኝ የቋጠርኩት። አንተን ልጠራህ ከመምጣቴ በፊት።

ሀብተ ማርያም፦ ሕጉስ? የመጨረሻዋን የፈታ ይናገራል የሚለው ሕግ?

ዶላሞ፦ ጨንቆኝ የፈጠርኩት ነው። አንተ አውቀዋለሁ ስትል እኔም ደነገጥኩ።

ሀብተ ማርያም፦ አቁም! ሹፌር! አውርደኝ!

[መኪናው የአይሮፕላን ሜዳውን አልፎ ቁልቁል ወረደ። ሹፌሩ አልሰማም። ከበቡሽ የሀብተ ማርያምን የሸሚዝ ቁልፍ አንድ በአንድ መፍታት ጀምራለች።]

ሀብተ ማርያም፦ ያን ሁሉ ቋጠሮ... እኔ እኮ ለልጅቷ ያዘጋጀህላት መጫወቻ መስሎኝ ነው!

ዶላሞ፦ የልጅቷ ቆርኪው ነው ጋሼ። ልጡን ያዘጋጀሁት ላንተ ነው።